የራሴን «አሳይ» ለምን ጻፍኩ

ፓወርሼል ኮምፒውተርን በጽሑፍ ትዕዛዝ ማዘዣ የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው። ትልቁ ጥሩ ነገሩ ትልቁ ማሳሳቻውም ነው። አንድ ትዕዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ዓምድ በዓምድ የተደረደረ ንጹሕ ሰንጠረዥ ይመጣላችኋል፣ ዓይናችሁም ያየውን ነገር ሁሉም ይኸው ነው ብሎ ይቀበለዋል። ግን ሁሉም አይደለም። ስክሪኑ ላይ የመጣው፣ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት፣ እኔንም ሥራዬንም ሳያውቅ፣ «ይህ ይበቃዋል» ብሎ የመረጠልኝ ነው። ብዙ ጊዜ ምርጫው ልክ ነው። ልክ ባልሆነበት ቀን ግን ምንም ምልክት አይሰጥም።

ለዚህ ነው አንድ ትንሽ ፋንክሽን፣ ማለትም በስም የሚጠራ የራሴ ትዕዛዝ፣ የጻፍኩት። ስሟ «አሳይ» ነው። ሥራዋ ቀላል ነው፤ የሰጠኋትን ኦብጀክት (ስለ አንድ ነገር ያለው መረጃ በአንድ ላይ የታሰረበት ጥቅል) ተቀብላ ፕሮፐርቲዎቹን (በጥቅሉ ውስጥ ስም ስም ያላቸውን መረጃዎች) አንድ በአንድ፣ ከነዓይነታቸውና ከነይዘታቸው ታወጣለች።

«ይህን የሚሠራ ትዕዛዝ እኮ ድሮም አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ፎርማት-ሊስት ብሎ ኮከብ ምልክት (ሁሉንም ማለት ነው) መጨመር ነው። ጌት-ሜምበርም አለ። ሁለቱንም በየቀኑ እጠቀማለሁ። ግን ፎርማት-ሊስት ይዘቱን ያሳየኛል፣ ዓይነቱን አይነግረኝም። ጌት-ሜምበር ዓይነቱን (ቁጥር ይሁን ጽሑፍ ይሁን ቀን) ይነግረኛል፣ ይዘቱን በአብዛኛው አያሳየኝም። ባዶ ቦታ ሲያጋጥም ደግሞ ሁለቱም ለምን ባዶ እንደሆነ ትንፍሽ አይሉም። የኔ ነገር የጀመረው ከዚህ ባዶ ነው፤ እሱ ጋ እንደርሳለን።

መጀመሪያ አንድ ምሳሌ። መብራት የሚሄድበትና የሚመጣበት ከተማ ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ጠዋት ቢሮ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ሌሊት ጠፍቶ ነበር ወይ?»። ጌት-ሲም-ኢንስታንስ በሚባለው ትዕዛዝ ዊን32-ኦፐሬቲንግ-ሲስተም የሚባለውን ክፍል ስትጠይቁ ስድስት ነገር ይመጣል። የሲስተሙ ፎልደር፣ የድርጅቱ ስም፣ የቢልድ ቁጥር፣ የተመዘገበው ተጠቃሚ፣ ሲሪያል ቁጥርና ቨርዥን። ጥያቄያችሁ ግን እዚያ የለም። ኦብጀክቱ ውስጥ ከስልሳ በላይ ፕሮፐርቲ አለ፣ ከነሱ አንዱም ላስት-ቡት-አፕ-ታይም ነው፣ ማሽኑ መጨረሻ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት እስከ ሴኮንዱ ይዞ ቁጭ ብሏል። አልታየም እንጂ ነበረ። (በነገራችን ላይ ይህ ለሰርቨር ነው። ዴስክቶፕ ላይ ፋስት ስታርትአፕ (ቶሎ እንዲነሳ ሲባል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የማይዘጋበት አሠራር) ከበራ፣ ሰው «ሸት ዳውን» ብሎ ዘግቶ ቢሄድም ይህ ሰዓት ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛውን «ማታ ኮምፒውተርህን አትዘጋም እንዴ» ብላችሁ ከመጣላታችሁ በፊት አስቡበት።)

ሱቅ ሄዶ ፊት ለፊት መደርደሪያው ላይ ያለውን ብቻ አይቶ «የለም» ብሎ እንደመመለስ ነው። ባለሱቁን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። የዩኒክስ ሰዎች ለዘመናት ሥራቸውን የሠሩት በጽሑፍ ነው። አንዱ ትዕዛዝ ጽሑፍ ይተፋል፣ ሌላው ያንን ጽሑፍ ቆራርጦ የሚፈልገውን ያወጣል። ዊንዶውስ ላይ ግን ብዙው ነገር በጽሑፍ ፋይል ውስጥ አይደለም የተቀመጠው። ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ)፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪው (የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች መዝገብ)፣ ሁሉም በፕሮግራም በር የሚጠየቅና የተደራጀ መረጃ የሚመልስ ነው። የማይክሮሶፍቱ ጄፍሪ ስኖቨር እ.ኤ.አ. በ2002 ሞናድ በሚል የሥራ ስም ሐሳቡን ሲያቀርብ ይህንን ይዞ ነው የተነሳው፤ የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለቀጣዩ በሚያስተላልፈው ፓይፕ ውስጥ ጽሑፍ ሳይሆን ኦብጀክቱ ራሱ ይለፍ፣ ሰው ጽሑፍ እየቆራረጠ ልክ እንዲወጣለት መጸለዩን ይተው። በኖቬምበር 2006 ፓወርሼል ተብሎ ወጣ። በ2016 ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ተከፍቶ ሊኑክስና ማክ ላይም መሥራት ጀመረ።

እንግዲህ በፓይፑ ውስጥ የሚያልፈው ሙሉ ኦብጀክት ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ ለሰው ዓይን ሲቀርብ አንድ አካል ከሱ ላይ መምረጥ አለበት። ስልሳ ነገር አንድ መስመር ላይ አይበቃማ። ምርጫው የሚካሄደው በደንብ ነው። ለዚያ ዓይነት ኦብጀክት አስቀድሞ የተዘጋጀ የማሳያ ቅርጽ ካለ፣ በሱ ይቀርባል። ከሌለ፣ «ሌላ ካልተጠየቀ ነባሪዎቹ እነዚህ ይሁኑ» ተብሎ የተመዘገበ ዝርዝር ይፈለጋል። እሱም ከሌለ ፕሮፐርቲዎቹ ይቆጠራሉ፤ እስከ አራት ከሆኑ ሰንጠረዥ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወደ ታች የሚወርድ ዝርዝር። ይህን የአራትና የአምስት ነገር ሳላውቅ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። የራሴ ስክሪፕት (በፋይል የጻፍኩት የትዕዛዝ ዝርዝር) አንድ ፕሮፐርቲ በጨመርኩ ቁጥር መልኩን የሚቀይረው ለምን እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር።

አራት ቁጥር ሌላም ቦታ አለች፣ እዚያኛው ላይ ደግሞ ትጎዳለች። አንድ ፕሮፐርቲ በውስጡ ዝርዝር ከያዘ፣ ለምሳሌ አንድ ዩዘር አባል የሆነባቸው ግሩፖች፣ ፓወርሼል የመጀመሪያዎቹን አራት አሳይቶ ነጠብጣብ ያደርግበታል። ኮከብ ጨምራችሁ «ሁሉንም አሳየኝ» ብትሉትም ያው ነው። አራት ግሩፕ አይታችሁ «ይህ ሰው ፋይናንስ ግሩፕ ውስጥ የለም» ብላችሁ ብትመሰክሩ፣ አምስተኛው ፋይናንስ ሊሆን ይችላል። ፎርማት-ኢኑመሬሽን-ሊሚት የሚባለውን ቫሪያብል አሉታዊ 1 ብታደርጉት ገደቡ ይነሳል። ግን ይህንን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? «አሳይ» ዝርዝር ሲያጋጥማት ሁሉንም በነጠላ ሰረዝ አያይዛ ታወጣለች። ረዘመ ከተባለ ይርዘም።

አሁን ወደ አሠራሯ። እያንዳንዱ ኦብጀክት ላይ ፓወርሼል ፒኤስ-ኦብጀክት የሚባል የተደበቀ ፕሮፐርቲ ይለጥፋል። በሱ ውስጥ ፕሮፐርቲስ የሚል አለ። እሱን በፎርኢች ስትዞሩበት የእያንዳንዱን ስም፣ ይዘት፣ የይዘቱን ዓይነት፣ ከየት እንደመጣም ጭምር ታገኛላችሁ። ከየት የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ፕሮፐርቲ ፓወርሼል ከተሠራበት መሠረት፣ ከዶትኔት፣ የመጣ ትክክለኛው ነው። አንዳንዱ የሌላ ፕሮፐርቲ ቅጽል ስም ነው። አንዳንዱ ደግሞ ስትጠይቁት በዚያው ቅጽበት የሚሰላ ስክሪፕት ነው። ይህን ሁሉ ተቀብላ ለእያንዳንዱ ፕሮፐርቲ አንድ ትንሽ አዲስ ኦብጀክት ትሠራለች። ስም፣ ዓይነት፣ ይዘት፣ ሁኔታ። አራት ናቸው፣ ስለዚህ ያለ ማንም እርዳታ ሰንጠረዥ ሆነው ይመጣሉ። አዎ፣ አራት ያደረግኳቸው አውቄ ነው።

ከፓይፕ እንድትቀበል ከፈለጋችሁ ፕሮሰስ የሚባለውን ብሎክ (ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ኦብጀክት የሚደገመውን የኮድ ክፍል) መጻፍ ግድ ነው። ያለሱ ፋንክሽኗ ስህተት አትሰጥም፣ ዝም ብላ የመጨረሻውን ኦብጀክት ብቻ ትሠራለች። መቶ ፋይል ልካችሁ የአንዱን ብቻ ዘርዝራ ቁጭ ትላለች። አንድ ብቻ በመላክ የሚሞክር ሰው ይህን መቼም አያገኘውም።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለኝ። የማሳያ ፋንክሽን ጽሑፍ መትፋት የለበትም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፍ መጀመሪያ የሚያስበው ቀለም ነው። ስሙ ቢጫ፣ ይዘቱ አረንጓዴ፣ ለስክሪን ብቻ በሚጽፈው በራይት-ሆስት። ያምራል፣ አልክድም። ግን ራይት-ሆስት የጻፈው ነገር ለቀጣዩ ትዕዛዝ አይደርስም። ማጣራት አይቻል፣ መደርደር አይቻል፣ እንደወትሮው ወደ ፋይል መላክ አይቻል። ፎርማት-ቴብልን ፋንክሽኑ ውስጥ መክተት ደግሞ የባሰ ነው። ከሱ በኋላ የሚያልፈው የናንተ መረጃ አይደለም፣ ስለ ሰንጠረዡ አሣሣል የሚናገር የውስጥ መመሪያ ነው። ያንን ወደ ሲኤስቪ (ኤክሴል የሚከፍተው የሰንጠረዥ ፋይል) ብትልኩት የሚወጣው ፋይል ማንም የማያነበው የኮድ ጥርቅም ነው። ቅርጽ የመጨረሻው ሰው ሥራ ነው። «አሳይ» ኦብጀክት መልሳ ትወጣለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የጠሪው ጉዳይ ነው።

አሁን ባዶው ጋ ደረስን።

የሰው ኃይል ክፍል አንድ ቀን «ለረጅም ጊዜ ሲስተሙ ውስጥ ያልገቡ ሠራተኞችን ዝርዝር አውጣልን» አሉ። የተለመደ ጥያቄ ነው። ሠራተኛ ይለቃል፣ አካውንቱ ክፍት ይቀራል፣ ኦዲት ሲመጣ ሁሉም ይደናገጣል። ዝርዝሩን አውጥቼ ላክሁ። ኃላፊዋ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ወረቀቱን ይዘው እኔ ያለሁበት ድረስ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ ባዶ የሆነው ሰውየው ገብቶ ስለማያውቅ ነው ወይስ ያንተ ማሽን ስለማያውቅ?»

ስለ ፓወርሼል ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። ሴትየዋ ፓወርሼል የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ባዶ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው በእውነት ባዶ ነው። አካውንቱ ተከፍቶ ማንም ገብቶበት አያውቅም፣ ስለዚህ የመጨረሻ የገባበት ቀን የለውም። ይህ መልስ ነው። እንዲያውም የሚፈለገው መልስ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ያልተጠየቀ ነው። ዩዘሮችን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚያወጣው ትዕዛዝ፣ ጌት-ኤዲ-ዩዘር፣ ሲጠራ ከዳይሬክተሪው የሚያመጣው አሥር ነገር ብቻ ነው። ስም፣ የመጀመሪያ ስም፣ ሰርኔም፣ አካውንቱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ እንዲህ እንዲህ። መጨረሻ የገባበት ቀን ከነሱ ውስጥ የለም። ፕሮፐርቲስ በሚለው ፓራሜትር በስሙ ካልጠየቃችሁ ከሰርቨሩ አይነሳም። ከላይ ካየነው የዊን32 ነገር ይህ ይለያል። እዚያ ኦብጀክቱ ሙሉውን ይዟል፣ የተደበቀው ከስክሪኑ ብቻ ነው። እዚህ ግን ጭራሽ አልመጣም። ስክሪን ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ባዶ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። (ታዲያ ኮከብ አድርጎ ሁሉንም መጠየቅ አይቀልም? ለአንድ ሰው ይቀላል። ለመላው ድርጅት ሲሆን ግን ሰርቨሩን በከንቱ ማስጨነቅ ነው። የምትፈልጉትን በስም ጥሩ።)

ሦስተኛው የተሳሳተ ስም ነው፣ እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የሚፈለጉትን ዓምዶች በሚመርጠው ትዕዛዝ፣ ሰሌክት-ኦብጀክት ላይ፣ የፕሮፐርቲውን ስም አንድ ፊደል ብትገድፉበት አይቆጣም። በዚያ በተሳሳተው ስም አዲስ ዓምድ ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ባዶ አድርጎ ይሰጣችኋል። ርዕሱ ትክክል ይመስላል። ከሩቅ ለሚያየው ማንም ሰው ገብቶ የማያውቅበት ድርጅት ነው የሚሆነው። ከዚያ ያ ፋይል ወደ ኤክሴል ይገባል፣ ይታተማል፣ ማኅተም ያርፍበታል።

አራተኛው እምቢ ያለ ነው። አንዳንድ ፕሮፐርቲ ሲነበብ ስህተት ይወረውራል። እየሠራ ያለ ፕሮሰስ (ማሽኑ ላይ የተከፈተ ፕሮግራም) የመውጫ ኮድ የለውም፣ ገና አልወጣማ። ብትጠይቁት ዶትኔት ኤክሴፕሽን (የስህተት መልእክት) ያነሳል። የሌላ ሰው ፕሮሰስ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ የላችሁም የሚል ይመጣል። ስለዚህ ፋንክሽኗ ውስጥ ንባቡን ሁሉ በትራይና ካች («ሞክር» እና «ስህተት ከመጣ ያዝ») መጠቅለል ያስፈልጋል። ካች ውስጥ ግን ዝም ማለት አይገባም፤ ዝም ካላችሁ ራሳችሁ አንድ ተጨማሪ ባዶ ፈጠራችሁ።

ሁኔታ የሚለው አራተኛ ዓምድ የተወለደው ከሴትየዋ ጥያቄ ነው። «አለ» ይላል፣ ይዘት ሲኖር። «ባዶ» ይላል፣ ፕሮፐርቲው መጥቶ በውስጡ ምንም ሲያጣ። «እምቢ» ይላል፣ ሲነበብ ስህተት ከወረወረ፤ የስህተቱንም ቃል ይዘቱ ቦታ ላይ ያደርጋል። በስም የጠየቅሁት ፕሮፐርቲ ኦብጀክቱ ላይ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ «የለም» የሚል መስመር ትጨምራለች። ባዶና የለም ተለያዩ ማለት ነው። «የለም» ካለችኝ ወይ አልጠየቅሁትም ወይ ስሙን ገድፌዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው የጻፈው ኮድ ላይ አይቼዋለሁ። ባዶዎቹን ለመደበቅ «ይዘት ካለው አሳይ» በሚል በቀጥታ ኢፍ («ከሆነ» ማለት ነው) ይጻፋል። ፓወርሼል ግን በኢፍ ውስጥ ዜሮንም፣ ፎልስንም (ሐሰት)፣ ባዶ ጽሑፍንም እንደሌለ ነው የሚቆጥራቸው። ስለዚህ የተዘጋ አካውንት ስታዩ «ኢኔብልድ፦ ፎልስ» የሚለው መስመር ይጠፋል። ከመስመሮቹ ሁሉ ዋናው እሱ ነበር! ማወዳደር ያለባችሁ ከነል («ምንም የለም» ከሚለው ምልክት) ጋር ብቻ ነው። ነሉም በግራ በኩል ይሁን። በቀኝ ካደረጋችሁትና ፕሮፐርቲው ዝርዝር ከያዘ፣ ኢኪው የሚለው የእኩል ነው ምልክት ማወዳደሩን ትቶ ዝርዝሩን ማጣራት ይጀምራል። ለምን እንዲህ ተሠራ ብላችሁ አትድከሙ፣ ልማድ አድርጉት።

ባዶዎቹን በነባሪ ልደብቅ ወይስ ላሳይ? ይህን ለመወሰን ብዙ አመነታሁ። መደበቅ ለዓይን ደስ ይላል። አንድ ዩዘር ላይ ሁሉንም ስትጠይቁ ግማሹ ገጽ የስልክ፣ የፋክስ፣ የፖስታ ሳጥን ባዶ መስመር ነው፤ ፋክስ በዚህ ዘመን! ቢሆንም ማሳየትን መረጥኩ። ባዶውን ማየት የማይፈልግ ሰው ከኋላው ዌር-ኦብጀክት ጨምሮ ያጣራ። ሁኔታ የሚባል ዓምድ አለለት።

የገባበት ቀን ራሱም ቢሆን፣ ባዶ ባይሆን እንኳ፣ እንዳለ የሚታመን አይደለም። ላስት-ሎጎን-ዴት የሚሰላው ላስት-ሎጎን-ታይምስታምፕ ከሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከ1601 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ በ100 ናኖሴኮንድ የሚቆጥር ጉደኛ ቁጥር ነው። በነባሪው አሠራር ደግሞ ሰው በገባ ቁጥር አይታደስም። ከ9 እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ትናንት የገባ ሰው ሁለት ሳምንት እንደጠፋ ሆኖ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ለሦስት ወር ጥያቄ ችግር የለውም። «ባለፈው ሳምንት ማን ቀረ» ለሚል አለቃ ግን አትስጡት። ይህን ለኃላፊዋ ሳስረዳቸው «እንግዲያው ከሥር ጻፍበት» አሉ። ከሥሩ ጻፍኩበት።

የዩዘሮቹን ፕሮፐርቲ እንዲህ አንድ በአንድ መዘርዘር ስጀምር ሌላ ነገር ብቅ አለ፣ ያልፈለግሁት ነገር። ሲስተሙ የመጀመሪያ ስም እና ሰርኔም ይላል፣ የቤተሰብ ስም ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ታዲያ ሰርኔም ላይ ምን ይግባ? አካውንቱን የከፈተው ሰው እንደመሰለው ነው የሞላው። አንዱ የአባት ስም አስገብቷል፣ ሌላው ፓስፖርት ላይ እንዳለው የአያት ስም፣ ሌላው ሦስቱንም የመጀመሪያ ስም ላይ ከምሮ ሰርኔሙን ባዶ ትቶታል። ነባሪው ማሳያ ላይ ሁሉም ስም ያለው ይመስላል። በሰርኔም ስትደረድሩት ግን የአንድ እናት ልጆች ሳይቀሩ ለየብቻቸው ይበታተናሉ። በላቲን ፊደል መጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ አንዱን ስም በአንድ ኢ፣ በሁለት ኢ፣ በአይ። ለዚህ ፋንክሽን መድኃኒት አይሆንም። ግን ዓይነቱና ሁኔታው ጎን ለጎን ሲታይ ቢያንስ ሰርኔማቸው ባዶ የሆኑት ተለይተው ይወጣሉ። የአባትና የአያቱን ለመለየት ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አለበት።

የአማርኛውን ነገር ልንገራችሁ። ፓወርሼል ለፋንክሽንም ለቫሪያብልም የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። «አሳይ» ስል በእውነት «አሳይ» ነው፣ በራሳችን ፊደል። የፓወርሼል ሰዎች ስም ሲያወጡ ግስና ስም በሰረዝ ይሁን የሚል ደንብ አላቸው፤ ለሌላ ሰው የማካፍለው ቢሆን ኖሮ እኔም ሾው ብዬ እጀምር ነበር። ይህ የራሴ ነው። አንድ ችግሩ ኪቦርድ መቀያየሩ ነው፤ ግማሹ ትዕዛዝ ላቲን፣ ግማሹ ግዕዝ። ስለዚህ በላቲን ሁለት ፊደል ቅጽል ስም ጨመርኩላት፣ ሲቸኩለኝ በሱ እጠራታለሁ።

ፋይሉን ስታስቀምጡ ግን ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ስክሪፕቱን ሲያነብ መጀመሪያው ላይ ቦም የሚባለው ምልክት ከሌለ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 (የየቋንቋውን ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ) መሆኑን አያውቅም። አማርኛው ወደማይታወቅ ምልክት ይለወጥና ፋንክሽኗ ስሟን ታጣለች። 7ኛው ቨርዥን ላይ ይህ የለም፣ ዩቲኤፍ-8 ብሎ ነው የሚጀምረው። ድሮው ጥቁር መስኮት ላይ ደግሞ ፎንቱ ግዕዝ ካልያዘ የምታዩት ባዶ ሣጥን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ተርሚናል የተሻለ ነው፤ ፊደላችን ስፋቱ እኩል ስላልሆነ ዓምዶቹ ትንሽ ይንጋደዳሉ እንጂ ይነበባል።

በመጨረሻ የጨመርኩት ቀን ነው። ኃላፊዋ «ይህን ቀን በኛ አድርግልኝ» አሉ፣ ልክ ናቸው። ዶትኔት የዕብራይስጥ፣ የፋርስ፣ የሂጅራ ካላንደር አለው፤ የኢትዮጵያ የለውም። ስለዚህ ራስ መሥራት ነው። ሒሳቡ ከሚያስፈራው በላይ ቀላል ነው። መነሻ አንድ ቀን ያዙ፤ መስከረም 1 ቀን 2016፣ እሱም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ዘመነ ዮሐንስ መጀመሩ ነው፣ ማለትም ጳጉሜ 6 ካለፈች በኋላ ያለው አዲስ ዙር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለፈውን ቀን ቆጥራችሁ ለ1461 አካፍሉ፣ የአራት ዓመት ቀን ነው። ትርፉን ለ365 አካፍሉ፣ በአራት ዓመቱ ዙር ውስጥ ያለፉትን ዓመታት ይሰጣችኋል፤ አራት ከወጣ ግን ሦስት አድርጉት፣ ያቺ የዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ናት። የቀረውን ለ30 ስታካፍሉ ወሩ ይወጣል፣ ከሱ የተረፈው ቀኑ። ወሩም ቀኑም ላይ አንድ መደመር ነው።

ማካፈሉ ላይ ግን ፍሎር የሚለውን፣ ወደ ታች የሚያወርደውን፣ ተጠቀሙ። ፓወርሼል ኢንት (ሙሉ ቁጥር አድርገው) ስትሉት አይቆርጥም፣ ወደሚቀርበው ያጠጋጋል፤ መሀል ላይ ሲቆም ደግሞ ወደ ተጋማሹ ቁጥር ይሄዳል። በኢንት ከሠራችሁት መስከረም 16 ሰላም ነው፣ ደመራው በወሩ ይበራል። በማግስቱ ግን መስቀል ጥቅምት ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ።

ይህን ስሌት አፕዴት-ታይፕ-ዳታ በሚለው ትዕዛዝ በዴት-ታይም ዓይነት ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ስክሪፕት ፕሮፐርቲ አድርጌ ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ ፓወርሼል ውስጥ ያለ ማንኛውም ቀን፣ የፋይል ይሁን የዩዘር፣ ነጥብ አድርጌ «ኢትዮጵያ» ስለው የኛን ቀን ይሰጠኛል። ሰዓቱን ግን አልነካሁትም፤ ሎግ ላይ ያለው ሰዓት በ24 ቆጠራ ስለሆነ «ሦስት ሰዓት» የጠዋት ይሁን የሌሊት እየተባለ ሰው እንዲጣላ አልፈልግም።

ለጥፌ ስጨርስ ጌት-ዴት ብዬ ጠራሁት። ያው ነው፣ እንደ ድሮው አንድ መስመር፣ በፈረንጅ። የማሳያው ቅርጽ ስለ አዲሱ ፕሮፐርቲ ምንም አያውቅም። በፓይፕ ወደ «አሳይ» ስልከው «ኢትዮጵያ» የሚለው መስመር ከሌሎቹ መካከል ወጣ፣ ሁኔታው «አለ»። ከዚያ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027ን ሰጠኋት፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 አለችኝ።